ለጣሪያ ላይ የአውሮፕላን ምልክት ተቀባይ የሚሆን የዩኤስቢ ማራዘሚያ፦ ባለማደሻው የ10 ሜትር ገመድ በሥራ ላይ

አውሮፕላኖች ስለ ቦታቸው፣ ስለ ከፍታቸውና ስለ ፍጥነታቸው የሚያሠራጩትን የኤዲኤስ-ቢ መልእክት በቤቱ መቀበል የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። አንቴናው ጣሪያ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ክፍል ውስጥ ሲሆን በመካከላቸው ያለውን አሥርና አሥራ አምስት ሜትር በምን ማገናኘት ይሻላል? እኔ ለዚህ ሥራ የመረጥሁት የምልክት ማደሻ ቺፕ የተገጠመለትን የ10 ሜትር የዩኤስቢ 2.0 ማራዘሚያ ገመድ ነበር። በዝናብም በፀሐይም ወራት ስለተጠቀምሁበት ጠባዩን በደንብ ለማወቅ ችያለሁ፤ ከእሱ ጋር የሚፎካከሩትን ሌሎች መንገዶችም ሞክሬአለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ገመዱ መረጃን በማድረስ ረገድ እንደ ማስታወቂያው ሆኖ ተገኝቷል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል በማድረስ ረገድ ግን ያለ ረዳት አይበቃም፤ ለቋሚ ተከላ ደግሞ ከእሱ የተሻለ መንገድ አለ።

ዩኤስቢውን ማራዘም ያስፈለገው የአንቴና ገመድ በርዝመቱ ልክ ምልክት ስለሚበላ ነው። የአውሮፕላኖቹ መልእክት በ1090 ሜጋኸርትዝ ይሠራጫል፤ በዚህ ሞገድ ላይ ቀጭኑ አርጂ-58 ኮአክሲያል ገመድ በየሜትሩ ከግማሽ ዴሲቤል በላይ ስለሚያጠፋ፣ 15 ሜትር ቢዘረጋ ከ8 እስከ 9 ዴሲቤል ይጎድላል። ይህም ማለት አንቴናው ከሰበሰበው ኃይል ወደ ተቀባዩ የሚደርሰው ከስድስት ወይም ከስምንት እጅ አንዱ ብቻ ነው። ቅርብ ያለ አውሮፕላን ከ125 እስከ 500 ዋት በሚደርስ ኃይል ስለሚናገር ይህ ጉድለት አይሰማውም። ይሁን እንጂ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ አንቴና፣ ተራራና ሕንፃ ካልጋረደው፣ በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚበርን አውሮፕላን እስከ 425 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ሊያየው ይችላል፤ ከዚያ ጠርዝ የሚመጣው ደካማ መልእክት ነው በገመዱ ውስጥ የሚቀረው። ተቀባዩን፣ ማለትም በዩኤስቢ የሚሰካውን ትንሽ ሬዲዮ፣ ከአንቴናው ሥር አድርጎ በግማሽ ሜትር ኮአክሲያል ማገናኘትና ረጅሙን መንገድ ለዩኤስቢው መስጠት የሚያጓጓውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ምልክቱ አንዴ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ የገመድ ርዝመት አያደክመውምና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከአንቴናው ሥር ዝቅተኛ ኖይዝ (ደካማውን ምልክት የሚሸፍን የራዲዮ ጩኸት) ያለው ማጉያ የገጠመ ሰው ዩኤስቢውን ማራዘም ላያስፈልገው ይችላል። በነዚህ ተቀባዮች ውስጥ ያለው አር820ቲ የተባለው መቃኛ ቺፕ ከራሱ 3.5 ዴሲቤል ያህል ኖይዝ ይጨምራል፤ ከፊቱ 8 ዴሲቤል የሚበላ ገመድ ሲኖር ድምሩ 11.5 ይሆናል። ነገር ግን 20 ዴሲቤል የሚያጎላና የራሱ ኖይዝ 1 ዴሲቤል ብቻ የሆነ ማጉያ ከገመዱ በፊት ቢገባ፣ ጠቅላላው ወደ 1.4 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የገመዱ ርዝመትም ከቁጥር የሚገባ መሆኑ ይቀራል ማለት ይቻላል። እንደ አርቲኤል-ኤስዲአር ብሎግ ቪ3 ያሉ ተቀባዮች ለማጉያው የሚያስፈልገውን 4.5 ቮልት በዚያው በኮአክሲያል ገመድ ወደ ላይ መላክ ስለሚችሉ ሌላ መስመር መዘርጋት አያሻም። ለሳተላይት ቴሌቪዥን የሚዘረጋው አርጂ-6 እንኳ ለዚህ ይበቃል። 75 ኦም መሆኑ ከ50 ኦም ተቀባይ ጋር አይስማማም የሚለው ስጋት በጣም የተጋነነ ነው፤ በዚያ አለመጣጣም የሚጠፋው 0.2 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ማጉያ የሌለው ወይም ተቀባዩንና ማጉያውን በአንድ ላይ የያዘ መሣሪያ የገዛ ሰው ግን ወደ ዩኤስቢው ጉዳይ መመለስ ይኖርበታል።

ተራ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር እንዳያልፍ የተወሰነው ምልክቱ ስለሚደክም ብቻ አይደለም። በዩኤስቢ ግንኙነት ኮምፒውተሩ ይጠይቃል፣ መሣሪያው ይመልሳል፤ መልሱ ከ1.5 ማይክሮሰከንድ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ እንደጠፋ ይቆጥረዋል። በመካከል እስከ አምስት ሃብ (አንዱን የዩኤስቢ መስመር ለብዙ የሚያከፋፍል መሣሪያ) ሊገባ እንደሚችል ታስቦ የጊዜው በጀት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ገመድ የደረሰው 26 ናኖሰከንድ ነው፤ ይህ ወደ ርዝመት ሲመነዘር 5 ሜትር ይሆናል። ባለማደሻው ገመድ ይህን ሕግ አይጥስም። በውስጡ ያለው ቺፕ በእውነቱ አንድ ሶኬት ብቻ ያለው ሃብ ነው፤ በሊኑክስ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር ላይም ሃብ ተብሎ ይታያል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ገመድ በገመድ ላይ መቀጠል የሚቻለው አምስት ሃብ እስኪሞላ ድረስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ከውስጥ ሃብ ካለው፣ እንደ አብዛኞቹ የራስበሪ ፓይ (ትንሿ ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) ሞዴሎች፣ ያም ከአምስቱ ይቆጠራል። 

መረጃውን በተመለከተ የገመዱ ፈተና ቀላል አይደለም። ተቀባዩ ለአውሮፕላን ምልክት ሲሠራ በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ባይት ነው፤ ይህም በሰከንድ 38.4 ሜጋቢት ያለ ማቋረጥ የሚፈስ መረጃ ማለት ነው። መሣሪያው መረጃውን የሚልክበት መንገድ ቦታ ተይዞለት የሚሄድ ስላልሆነ፣ ገመዱ ስሕተት ሲያበዛና ኮምፒውተሩ ደጋግሞ ሲጠይቅ የተቀባዩ ትንሽ መጠባበቂያ ይሞላና ናሙናዎች ይጠፋሉ። አንድ ሙሉ የኤዲኤስ-ቢ መልእክት ከመነሻ ምቱ ጋር 120 ማይክሮሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ፣ በዓይን ጥቅሻ የማይሞላ መቋረጥ ብዙ አውሮፕላኖችን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ከተቀባዩ ጋር የሚመጣውን የናሙና መጥፋት መፈተሻ ፕሮግራም በ2.4 ሚሊዮን ናሙና ከፍቼ በባለማደሻው ገመድ ላይ ለብዙ ሰዓታት አስኬድሁት፤ መነሻው ላይ ከሚታየውና ቸል ከሚባለው በቀር የጠፋ ናሙና አላገኘሁም። ተራ የሆኑ ሁለት ማራዘሚያዎችን ቀጥዬ ስሞክር ግን መሣሪያው አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ አይታይም፤ ሲታይም በየደቂቃው ናሙና ይጥል ነበር። በዚህ በኩል ባለማደሻው ገመድ ምስጋና ይገባዋል።

ያሳዘነኝ የኃይሉ ነገር ነው፤ ከሁሉም በላይ ገዢው ሊያስብበት የሚገባውም እሱ ይመስለኛል። ቺፑ የመረጃውን ምልክት ያድሳል እንጂ 5 ቮልቱን አያድስም። ኃይሉ እንደ ማንኛውም ተራ ሽቦ በመዳቡ ውስጥ ይሄዳል፣ በመዳቡ ውስጥ ይመለሳል፤ ስለዚህ የ10 ሜትር ገመድ ለኤሌክትሪኩ የ20 ሜትር ጉዞ ነው። የሽቦው ውፍረት 28 ኤደብልዩጂ (የአሜሪካ የሽቦ ውፍረት መለኪያ) ከሆነ በየሜትሩ 0.21 ኦም ያህል ስላለው 20 ሜትሩ ከ4 ኦም በላይ ይሆናል፤ ተቀባዩ 0.3 አምፔር ሲወስድ 1.3 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀርና ከ5 ቮልቱ የሚደርሰው 3.7 ብቻ ነው። ሽቦው 24 ኤደብልዩጂ ሲሆን ግን በየሜትሩ 0.084 ኦም ስለሆነ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ነው። ይህ ቁጥር በገመዱ ልባስ ላይ በጥቃቅን ፊደል ታትሞ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አንዱ የመረጃ ሽቦዎቹ፣ ሌላው የኃይል ሽቦዎቹ ውፍረት ነው። ትንሹ ቁጥር ወፍራሙን ሽቦ እንደሚያመለክት አስታውሶ፣ ለኃይሉ 24 ወይም ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያልተጻፈበትን የ10 ሜትር ገመድ አለመግዛት ይሻላል። ቁጥሩን ጨርሶ የማይጽፉ አምራቾችም አሉ፤ እነዚህን አላምናቸውም።

የእኔ ገመድ 24 ነበር። እንደዚያም ሆኖ ተቀባዩ ሥራ ላይ ሳለ በሩቁ ጫፍ በመልቲሜትር ስለካው፣ የማደሻ ቺፑ የሚወስደው ተጨምሮበት፣ ቮልቱ 4.4 አካባቢ ነበር፤ ይህ ደግሞ የዩኤስቢ 2.0 ደንብ ኃይሉን ከገመዱ ለሚያገኝ ሃብ ሶኬት የፈቀደው የመጨረሻ ወለል ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት ያለ እንከን ይሠራል። ከቀትር በኋላ ሲሞቅ፣ የመዳቡም ተቃውሞ ጥቂት ሲጨምር፣ መሣሪያው ራሱን ያቋርጥና እንደገና ይገናኛል፤ የሥርዓተ ክወናው መዝገብ በተደጋጋሚ መለያየትና መገናኘት ይሞላል። በኮአክሲያሉ ለማጉያ ኃይል የሚያስተላልፈውን ክፍል ስከፍት ደግሞ ቮልቱ የበለጠ ወርዶ መቋረጡ በረታ። ችግሩን ለረጅም ጊዜ ከሶፍትዌሩ ስፈልገው ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ መቋረጥ የሚያይ አንባቢ ከሁሉ በፊት ቮልቱን እንዲለካ አጥብቄ እመክራለሁ።

ገመዱ በሩቁ ጫፍ ለተጨማሪ የ5 ቮልት ኃይል የሚሆን ትንሽ ክብ ሶኬት አለው፤ ከሌሎች ርካሽ ገመዶች የሚሻልበት ዋና ነገር ይህ ነው፤ ያለዚህ ሶኬት አልመክረውም ነበር። ጣሪያ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ስለሌለ ከታች 12 ቮልት በሌላ ጥንድ ሽቦ ልኬ እዚያው ላይ ወደ 5 የሚያወርድ ትንሽ መለወጫ ገጠምሁ። ለተመሳሳይ ኃይል 12 ቮልት ከ5 ቮልት ያነሰ ኮረንት ስለሚፈልግ በመንገድ የሚጠፋው ይቀንሳል፤ ጥቂት ቢወርድም መለወጫው ያስተካክለዋል። ከዚያ ወዲህ መቋረጡ ቀረ። ሆኖም ሌላ ነገር ተተካ፤ መለወጫው በፈጣን ማብራትና ማጥፋት የሚሠራ በመሆኑ ከተቀባዩ ጋር በአንድ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ የኖይዙ መጠን ከፍ ብሎ ከሩቅ የሚመጡት አውሮፕላኖች ቀነሱ። ወደ ራሱ የብረት ሳጥን አውጥቼ አንድ ሜትር ያህል ሳርቀውና በሽቦዎቹ ላይ ኖይዝ የሚያፍን የፌራይት ቀለበት ሳደርግ ነገሩ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። የዩኤስቢ 3 ማራዘሚያ ይሻል እንደሆነ ለሚያስብም መልሴ አይሻልም ነው፤ ተቀባዩ የዩኤስቢ 2.0 መሣሪያ ስለሆነ ከፍጥነቱ አይጠቀምም፤ መከለያው ደካማ የሆነ የዩኤስቢ 3 ግንኙነት ደግሞ ሰፊ የራዲዮ ኖይዝ እንደሚያመነጭ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል።

ሁለተኛው ተፎካካሪ ዩኤስቢን በኔትወርክ ገመድ የሚያሻግሩት ጥንድ ሳጥኖች ናቸው። በእነዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ከሁሉም የረከሱት ውስጣቸው ምንም ቺፕ የለም፤ የዩኤስቢውን አራት ሽቦ ከኔትወርኩ ገመድ ስምንት ሽቦ ጋር ከማገናኘት በቀር የሚሠሩት የለም፤ ርዝመቱም የጊዜውን ገደብ ስለሚያልፍ ሥራቸው የዕድል ጉዳይ ነው። ቀጥለው ያሉት ቺፕ አላቸው፣ እስከ 50 ሜትር እንደሚደርሱም ተጽፎባቸዋል፤ ግን ጠጋ ብሎ ያነበበ ሰው ዩኤስቢ 1.1 የሚል ያገኛል። ይህ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ማለት ነው፤ ለመዳፊትና ለቁልፍ ሰሌዳ በቂ ሲሆን 38.4 ሜጋቢት ለሚያፈስ ተቀባይ ግን ፈጽሞ አይሆንም። በሻጩ ማስታወቂያ ላይ ዩኤስቢ 2.0 ተስማሚ የሚል ቃል ብቻ ካለ አያሳምን፤ የዩኤስቢ 2.0 ሙሉ ፍጥነት የሆነው 480 ሜጋቢት ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። በእውነት 480 የሚያስተላልፉትን አንድ ወዳጄ ጋር ሞክሬአቸዋለሁ፤ በሩቁ ሳጥን የራሳቸው ኃይል ስለሚገባላቸው የቮልት ችግር የለባቸውም፣ ናሙናም አልጣሉም። አብዛኞቹ ግን በኔትወርክ ገመድ ይሂዱ እንጂ የኔትወርክ ቋንቋ ስለማይናገሩ በስዊች በኩል ማሳለፍ አይቻልም፤ ዋጋቸውም ከትንሽ ኮምፒውተር ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ነው። ያን ያህል ለማውጣት የቆረጠ ሰው ቀጥሎ ያለውን መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል።

ያ መንገድ ኮምፒውተሩን ራሱን ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ እኔም በመጨረሻ ያደረኩት ይህንኑ ነው። ራስበሪ ፓይ ከተቀባዩ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ከአንቴናው ሥር ይቀመጣል፤ ዩኤስቢው ከአንድ ክንድ ያነሰ ይሆናል፤ ወደ ታች የሚወርደው የኢተርኔት ገመድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው የኢተርኔት ገመድ እስከ 100 ሜትር እንዲሄድ የተሠራ ነው። ኃይሉም በዚያው ገመድ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ደንብ ከላኪው 15.4 ዋት፣ በተቀባዩ ጫፍ ደግሞ 12.95 ዋት ይፈቅዳል፤ ለአንድ ፓይና ለአንድ ተቀባይ ከበቂ በላይ ነው። ቮልቱ 48 አካባቢ ስለሆነ በመንገድ የሚጠፋው አያሳስብም። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን የመረጃው መጠን ነው፦ 38.4 ሜጋቢቱ እዚያው ላይ ተፈትቶ ያልቃል፤ ወደ ታች የሚመጣው የተፈቱት መልእክቶች ብቻ ስለሆነ ደካማ ዋይፋይ እንኳ ይሸከመዋል። ታች ያለው ኮምፒውተር 30005 በተባለው የኔትወርክ በር (ፖርት) በኩል መልእክቶቹን ተቀብሎ ካርታውን ይሥላል።

ይህ መንገድ የራሱ ጣጣ እንዳለው አልሸሽግም። አንድ ነገር ሲበላሽ መሰላል መውጣት ግድ ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው የሚጻፈው መዝገብ የማስታወሻ ካርዱን እንዳይበላው ወደ ጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ ማዛወር ያስፈልጋል። ሙቀቱም ከባድ ነው። ተቀባዩ ለብቻው እንኳ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ሲሆን፣ ፓይ ደግሞ ውስጡ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፤ ሁለቱ በጥቁር የታሸገ ሳጥን ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ነጭ ሳጥን፣ በላዩ ከአናቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ የተዘረጋ ቆርቆሮ ወይም ሌላ ጥላ፣ የተቀባዩን የብረት አካል ከአሉሚኒየም ሰሌዳ ጋር ማጣበቅ፤ ለእኔ ከማራገቢያ ይልቅ ልዩነት ያመጡት እነዚህ ናቸው። የባለማደሻው ገመድ አንድ ብልጫ እዚህ ላይ ይታያል፤ ላይ የሚቀመጠው ተቀባዩ ብቻ ስለሆነ የሚሞቀው ነገር ያነሰ ነው።

ገመዱ ከውጭ አየር ጋር ባለው ነገር ግን ነጥብ አልሰጠውም። የዩኤስቢ መገጣጠሚያ ለዝናብ አልተሠራም፤ ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ተደራርቦ ካልተጠቀለለ እርጥበት ገብቶ ነሐሱን ያዝገዋል። ልባሱም ለቤት ውስጥ የታሰበ ስለሆነ ፀሐይ በሚመታው በኩል ከጥቂት ወራት በኋላ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ለውጭ የተሠራው ጥቁር የኔትወርክ ገመድ ግን እስካሁን እንዳለ ነው። ማንኛውም ገመድ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞሮ እንዲወጣ ቢደረግ ውሃው ከመታጠፊያው ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎት አይገባም። ከሳጥኑ በታች ትንሽ ቀዳዳ መተውም ተገቢ ነው፤ ፍጹም የታሸገ ሳጥን የሌሊቱን እርጥበት ይዞ ያስቀራልና።

ስለ መብረቅ ደግሞ በቸልታ መናገር አይገባም። የዩኤስቢ ገመድ ከጣሪያው ብረት እስከ ኮምፒውተሩ ልብ ድረስ ያለ ምንም መለያያ የሚሄድ መዳብ ነው፤ በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ የሚያስነሣው ሞገድ በቀጥታ ይገባበታል። ኢተርኔት በሁለቱም ጫፍ 1,500 ቮልት እንዲቋቋም የሚፈተን ትራንስፎርመር ስላለው ከዚህ ይሻላል፤ ቀጥታ ምትን ግን የሚከላከል ገመድ የለም። የአንቴናውን ምሰሶ በወፍራም መዳብ ከቤቱ የመሬት መስመር ጋር ማገናኘትና ገመዱ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ መከላከያ መግጠም በየትኛውም መንገድ አይቀርም። የብርሃን ገመድ ያለው የዩኤስቢ ማራዘሚያ መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ለኃይሉ ሲባል መዳብም በውስጣቸው ስላለ የሚጠበቀውን መለያየት አይሰጡም፤ ከመግዛት በፊት ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ባለማደሻውን ገመድ ከጣሪያው ካወረድሁት በኋላ አልጣልሁትም፤ አሁን የሚያገለግለው ሥራ ከመጀመሪያውም ይበልጥ የሚስማማው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አዲስ አንቴና ከመትከሌ በፊት ተቀባዩንና አንቴናውን በአንድ ረጅም ዘንግ ጫፍ አስሬ፣ ገመዱን በመስኮት ወደ ላፕቶፑ አስገብቼ፣ በየቦታው ሩብ ሰዓት እያቆምሁ የሚታዩትን አውሮፕላኖች ብዛትና ርቀት እመዘግባለሁ። 10 ሜትር ለዚህ ይበቃል፤ በቀዝቃዛ ሰዓት ለአጭር ጊዜ ስለሚሠራ ተጨማሪ ኃይልም አይፈልግም። ምሰሶው የሚቆምበትን ጥግ የመረጥሁት በዚህ ሁኔታ ነው፤ መጀመሪያ ካሰብሁት ቦታ አራት እርምጃ ብቻ የሚርቅ ቢሆንም የውሃ ማጠራቀሚያው ጋርዶት የነበረውን የምሥራቅ አቅጣጫ በሙሉ ከፍቶልኛል።